መጀመሪያ አየር ትቁረጥ

አጎቴ ካረፉ ወዲህ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለው የሰፈራችን የጋራ ወርክሾፕ፣ ከማሽናችን ማጥፊያ አጠገብ የሚቆም የለም። ቦታው የእሳቸው ነበር። በኮምፒውተር የምትታዘዘው የእንጨት መቅረጫ ማሽናችን በተጠገነች ቁጥር፣ እጃቸውን ማጥፊያው ላይ አድርገው «እንጨቱን አንሱት፤ መጀመሪያ አየር ትቁረጥ» ይሉን ነበር። እኛ እንቸኩላለን፤ እሳቸው ባዶዋን ስትሽከረከር ቲያትር እንደሚያይ ሰው ቆመው ያዩአታል። ስትጨርስ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በሉ አሁን ስጧት» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ያናድዱኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሞተሮቿንና መቆጣጠሪያዋን በአዲስ ቀየርን። አንዱ ጓደኛችን ያንን የመሰለ የዋንዛ ጣውላ ማሽኗ ላይ ሊያስር ሲል ሁላችንም በአንድ ድምፅ «አየር!» አልነው። መቁረጫዋን ከፍ አድርገን አስነሳናት። ወደ ግራ ስናዛት ወደ ቀኝ ሄደች፤ ለካ ሽቦውን ገልብጠን ገጥመነዋል። ጣውላው ቢታሰር ኖሮ አልቆለት ነበር።

አስተካክለን እንደገና በባዶው አስኬድናት፤ ልክ ሆነች። ጣውላውን የሚያነሳ ግን ጠፋ። ሁላችንም ወደ ማጥፊያው ዞረን ቆመናል።

ሄጄ ቦታቸው ላይ ቆምኩና «በሉ አሁን ስጧት» አልኩ። ልጆቹ በሳቅ ሲፈነዱ ነው ጉሮሮዬን መጥረጌን ያወቅኩት።