የአኩራፊው ኩርባ

መነጽር ቤቱ ውስጥ «ጋሼ ፈልጌ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ፊት ለፊት ቆመው ደንበኛ የሚያስተናግዱት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ምን ቢጠይቁት «ቆዩ፣ ፈልጌ ልንገራችሁ» ይላል። ይፈልጋል፣ ያገኛልም። ግን መልሱን ይዞ ሲመጣ ጠያቂዎቹ ጥያቄውን ረስተው ሌላ ወሬ ጀምረዋል። እሱ ቅር አይለውም፤ መልሱን ለራሱ ነግሮ ይመለሳል።

ሥራው ከጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌንስ መሞረድ ነው። ከማሽኑ አጠገብ፣ ውሃ እንዳይረጨው ላስቲክ የለበሰ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ጠዋት ከባሕር በታች የተዘረጋ ገመድ ሲበጠስ መርከበኞች ጎትተው አውጥተው እንዴት እንደሚቀጥሉት ያነባል። ከዚያ ድመት ስትተሻሽ ለምን እንደምታጉረመርም። ከዚያ ደግሞ የደነዘዘ መቀስ በምን እንደሚሳል። በሩቅ አገር አንድ ዛፍ ላይ የተተከለ ካሜራ አለ፤ ሽመላ እንቁላሏን ስታገላብጥ ያሳያል። ሌንሱን እየሞረደ ቀና ይልና «ዛሬም በረደሽ አይደል፣ እናቴ» ይላታል። ቤቱ ጣሪያ ላይ ከተጣለ የኮምፒውተር ማራገቢያ የሠራው የነፋስ መለኪያ ይሽከረከራል። ነፋሱ ስንት ደረሰ ብሎ የጠየቀው ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ ቢጠይቁት ግን ያውቃል።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ካርታውን ነው። የፈለገ ሁሉ ገብቶ የሚስለው፣ የማንም ያልሆነ የኢንተርኔት ካርታ አለ። ከሥሩ ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ ይነጠፋል፤ የገባው ሰው በፎቶው ላይ መንገዱንና ቤቱን ይስላል፣ ስም ይሰጣል። ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኑ ጠፍቶ ጆሮው ጭር ሲል፣ ጋሼ ፈልጌ ከሰፈሩ በላይ ይንሳፈፋል። ከላይ ሲታይ ሰፈሩ ጥሩንባ የለው፣ ጠብ የለው፣ ጭቃ የለው። ጣሪያዎቹ የሸሚዝ ቁልፍ ያህላሉ። የራሱን ጣሪያ ከነሰማያዊ የውሃ ታንከሩ ያገኘዋል። ከዚያ መንገዱን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ትልቁ ዛፍ ጋ ሲደርስ መንገዱ ይታጠፋል። ኩርባው ላይ አንድ ቤት አለ፤ ከበሩ ፊት ለፊት ሁለት ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ።

አንደኛው ነጥብ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ታላቅ ወንድሙ ነው። ሁለተኛውን ባልዲ ይሆናል ብሎ ገምቷል። ፎቶው የተነሣው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ ቀኑ ከግርጌው ተጽፏል። ቢሆንም ጋሼ ፈልጌ በየቀኑ ለነጥቡ «እንደምን ዋልክ፣ ወንድምጋሼ» ይለዋል። ነጥቡ አይመልስም። ወንድሙም ቢሆን አይመልስም፤ ከተኳረፉ አራት ዓመታቸው ነው።

ነገሩ የሬዲዮ ነገር ነው። እናታቸው አንዲት የኤሌክትሪክ ሬዲዮ ነበረቻት። በርታ በቆየች ቁጥር ከንግግሩም ከዘፈኑም ሥር እምምም ትላለች። እናትየው መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ልብስ ስትጠግን፣ ሬዲዮዋ ስታጉረመርም፣ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ አልጋ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ያደጉት በዚያ ድምፅ ነው። እናትየው ስትሞት ሬዲዮዋ ለታላቁ ደረሰች። ከዓመታት በኋላ መዞሪያዋ ላላና ለታናሹ ሰጠው። «ይቺን ብቻ አጥብቅልኝ። ሌላ ምንም እንዳትነካ» አለው።

እንዳትነካ? ለዚህ ሰው? ገና በልጅነቱ የቤቱን ሰዓት ፈትቶ መልሶ መግጠም ያቃተው ዕለት፣ ታላቁ «ነካኪው» ያለው አለነገር አይደለም። ይህን ስም ከወንድሙ በቀር የሚጠራው ሰው የለም። መዞሪያዋን አጠበቀ። ከዚያ ክዳኗ ከተከፈተ አይቀር ብሎ የጉርምርምታውን ምንጭ ፈለገ። አርጅታ የደረቀች፣ የጣት ጫፍ የምታህል፣ ካፓሲተር የሚሏት የኤሌክትሪክ ዕቃ ናት። ነቀላትና በአዲስ ተካት። የሬዲዮዋ ድምፅ ኩልል አለ። ምርቃት የሚጠብቅ ልጅ ሆኖ ይዟት ሄደ።

ታላቁ አበራት። ከፍ አደረጋት፣ ዝቅ አደረጋት፣ ጆሮውን ለጠፈባት።

«እማዬ የታለች?» አለ።

ጋሼ ፈልጌ ሳቀ። ያን ጊዜ መሳቁ እስከ ዛሬ ያቃጥለዋል። «ወንድምጋሼ ሙት፣ ያ እኮ ብልሽት ነው! የእማዬ ድምፅ መስሎህ ነው?» አለው። ታላቁ ሶኬቱን ነቀለ፣ ገመዱን ጠቀለለ፣ ሬዲዮዋን ታናሹ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠና ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣውም።

ታናሹ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄዶ ሁለት ጊዜ ጀርባ አይቶ ተመለሰ። አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይላሉ፤ የዚህኛው ግን ምሳውም እራቱም ሳይነሣ አራት ዓመት ሞላው። የነቀላትን ካፓሲተር አልጣላትም። ነካኪ ሰው የነቀለውን አይጥልም፤ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጣት። መልሶ ሊገጥማት ስንት ጊዜ ብድግ ብሎ፣ ደጁ ከተዘጋ ለማን ብዬ እያለ ተወው። በምትኩ ኢንተርኔት ላይ ድምፅ መፈለግ ጀመረ። ሰዎች የመርከብ ሞተር፣ የባዶ አዳራሽ፣ የዝናብ ቧንቧ ድምፅ ቀድተው የሚያኖሩበት ገጽ አለ። አንዲት የማያውቃት ሴት የቀዳችው የፍሪጅ ድምፅ የእናቱን ሬዲዮ ሊመስል ምንም አልቀረው። ዓይኑን ጨፍኖ ስንት ምሳ ሰዓት ሰማው። ምስጋና ጻፈላት፤ «ፍሪጁ እኮ ባለፈው ወር ሞተ» ብላ መለሰችለት። ሙሉ ቀን ከፋው። ይህ ሰው የዓለምን ነገር ሁሉ ቢፈልግም አጥብቆ የሚሻው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ «ነካኪው» ብሎ ሲጠራው መስማት። ታላቁ ደግሞ ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጊዜው እየሄደ ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሆድ ባሰው። ነጥቡን እንደ ወትሮው ሰላም አለና፣ ራሱ የሳላትን፣ ስም ያልነበራትን ኩርባ ነክቶ «የአኩራፊው ኩርባ» ብሎ ጻፈባት። ግማሹ ቀልድ ነበር፣ ግማሹ እንባ። ማን ያየዋል ብሎ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ካርታም ያው ወረቀት መሆኑን ይህን ሁሉ የሚያነብ ሰው እንዴት እንደሳተው እንጃለት።

ከሁለት ወር በኋላ የወንድሙ ሚስት መነጽር ቤት መጣች። የባሏን መነጽር ሁልጊዜ እዚሁ ነው የምታመጣው። ባልየው የት ተጠገነ ብሎ አይጠይቅም፣ እሷም አትነግረውም። ጋሼ ፈልጌ ሌንሱን ከማንም ሌንስ አስበልጦ ወልውሎ ይመልስላታል።

«እትዬ፣ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ብሎኑ ወለቀ። ስልኬን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ሲያፈጥ ሦስት ቀኑ! እህቴ ጋ እንኳ መደወል አቃተኝ።»

«ወንድምጋሼ? ስልክ?»

«ተወኝ እስቲ። ባለፈው አንድ ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛ መጣልህ። እሱ እንደ ልማዱ በር ላይ ተቀምጧል። ሰውዬው ስልኩን እያየ ‹አባባ፣ የአኩራፊው ኩርባ የሚባለው ይሄ ነው?› አይለው መሰለህ!»

ብሎኗ ከጋሼ ፈልጌ ጣት ላይ ወደቀች። ሊፈልጋት ጠረጴዛው ሥር ገባ። «ከዚያስ?» አለ ከዚያው ሆኖ።

«‹ማነው ያለው?› አለ። ‹ካርታው ነዋ!› አለው። መንገዱን አሳየው። ሞተረኛው እንደሄደ ስልኬን ተቀበለኝ፤ ይኸው እስካሁን አልመለሰም። ትናንትና ደግሞ ደጅ ወጥቶ በእርምጃ ይቆጥራል፣ ይቆጥራል… እኔስ ፈራሁ። ቆይ ግን፣ ማን ባለጌ ይሆን እንዲህ ብሎ የጻፈው?» አለችና አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች። «ስሙስ አልተሳሳተም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ከኋላው አኩራፊው ሲለው የማያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ አሁን አወቀ፤ ያውም በታናሽ ወንድሙ እጅ። ጋሼ ፈልጌ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ብሎኗን ካገኛት ቆይቷል፤ ከጠረጴዛው ሥር የሚወጣበት ፊት ነበር ያጣው። ደጁ እስካሁን ተዘግቶ ከሆነ ከዛሬ ወዲያ ተቀርቅሯል አለ በልቡ።

ሴትየዋ መነጽሩን ይዛ እንደወጣች ስሙን ሊያጠፋ ካርታውን ከፈተ። በመንገዱ ወደ ታች ወርዶ ዛፉ ጋ ደረሰ። ኩርባው ከቦታው የለም።

ተነሥቷል። እሱ ከሳለበት ወደ ዛፉ ተጠግቶ እንደገና ተስሏል። በዚህ ካርታ ላይ ማንም እጁን ካሳረፈ ማን እንደሆነና ለምን እንደለወጠው ጽፎ ይሄዳል፤ ጋሼ ፈልጌም ኩርባውን የሰየመው በገዛ ስሙ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት የተመዘገበ፣ ራሱን «ቀያሹ» ያለ ሰው፣ «ኩርባው ሦስት ሜትር ስቷል። በእግር ተለክቷል» ብሎ ጽፏል።

ታላቅ ወንድሙ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቀያሽ ነበር። መንገድ በእግር እንጂ በዓይን አይለካም እያለ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው። ጋሼ ፈልጌ ስሙን ፈለገ። ስሙ አልተነካም። ኩርባው ሦስት ሜትር ተነሥቶ አሁንም የአኩራፊው ኩርባ ነው።

ቀያሹ የለወጠው ሌላም ነገር ነበር። ጋሼ ፈልጌ መንገዱን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ሰማያዊው ታንከር ጋ ደረሰ። ዓለምን ሁሉ ሲሰይም የራሱን ቤት ስም ሰጥቶት አያውቅም። አሁን ግን ጣሪያው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። የነካኪው ቤት።

«ጋሼ ፈልጌ፣ ምን አገኙ ዛሬ ደግሞ?» አለች አንዷ ሴት በበሩ ብቅ ብላ። ሰውየው ያለቅስ ነበር። ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም፤ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቆ ቤቱ ገባ። ጠርሙሱን ከፍቶ ካፓሲተሯን መዳፉ ላይ አደረጋት። በአራት ዓመት ውስጥ ፈጽማ ደርቃ ከሆነስ? መበየጃውን አሞቀ፣ አዲሷን ነቀለ፣ አሮጌዋን በየደ። ሶኬቱን ሰክቶ ጆሮውን አስጠጋ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከሩቅ፣ ከእንቅልፍ ሥር፣ እምምም አለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ጥቂት ሰማት። ከዚያ ታቅፏት ቁልቁል ወረደ፤ ከላይ ስንት ጊዜ የወረደበትን መንገድ አሁን በጫማው።

ታላቁ በር ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የተጠገነውን መነጽር አድርጓል። ቀና አላለም።

«ሦስት ሜትር» አለ።

የአራት ዓመት የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው።

«ከላይ ሲታይ የዛፉ ጥላ ሸፍኖት እኮ ነው፣ ወንድምጋሼ።»

«ከላይ!» አለ ታላቁ። «መንገድ ከላይ ይለካል?»

ታናሹ ሬዲዮዋን መስኮቱ ደፍ ላይ አኖራት። ሚስቲቱ ከውስጥ እጇን ዘርግታ ሶኬቱን ሰካችው። አንድ ሰው ስለ አየር ጠባይ እያወራ ነበር፤ ከሥሩ እምምም። ታላቁ መነጽሩን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ።

«መዞሪያዋስ?»

«ጠብቃለች።»

«ቁጭ በል እንግዲህ» አለና በአገጩ አመለከተው።

ከጎኑ ሌላ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ጋሼ ፈልጌ ቆሞ ቀረ።

«የወንበሩን ነገር እንኳ ተወው» አለች ሚስቲቱ ከመስኮቱ። «በየማለዳው ሁለቱንም ራሱ ነው የሚያወጣቸው። አራት ዓመት ሙሉ፣ ለማን ነው ስለው ‹አርፈሽ ተቀመጪ› ይለኛል።»

ስንት ምሳ ሰዓት ከሰማይ ሆኖ አይቶት ባልዲ ብሎ ያለፈው ነጥብ ይህ ነበር። ተቀመጠበት። ፀሐይዋ ዛፉን አልፋ እግራቸው ላይ ደርሳለች። ጣቢያዋ ትንሽ ሸርተት ብላለች፤ ፀጉር ታህል ወደ ቀኝ ብትዞር ትስተካከላለች። ሳያስበው እጁ ወደ መዞሪያዋ ሄደ።

«ነካኪው» አለ ታላቅ ወንድሙ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ጋሼ ፈልጌ እጁን ሰበሰበ።