የሚፈርም ሰው ይንቀል

የዚያች ክፍል የማራገቢያዎች ጉምጉምታ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም። ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የኔትወርክ መሣሪያዎቹን እያቀዘቀዙ ቀን ከሌት ያጉረመርሙ ነበር። የክፍሏ እመቤት ሁላችንም «እታለም» የምንላት የኔትወርክ ቴክኒሻን ነበረች። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበርሁ፤ ገመዱም ብሎኑም በእኔ እጅ አልፎ ነው እሷ ዘንድ የሚደርሰው።

እታለም አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበራት፤ የዕቃ ርክክብ ላይ የሚፈርም ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የሚሞከረውን መሣሪያ ዋና ገመድ በገዛ እጁ መንቀል አለበት። «ካልነቀለ ምን አይቶ ነው የሚፈርመው?» ትል ነበር።

አንድ ጠዋት አዳዲስ ስዊቾች መጡ፤ ኮምፒዩተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኙት ሣጥኖች ማለቴ ነው። የነባሮቹ አምራች ሌላ፣ የአዲሶቹ ሌላ። በመካከላቸው ሁለት ገመድ ይዘረጋል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ተጠባባቂ ሆኖ ይተኛል። ዋናው ሲበጠስ ተጠባባቂውን የሚቀሰቅሰው ስፓኒንግ ትሪ የሚሉት ደንብ ነው። እታለም ከየዓይነቱ አንዳንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ለሙከራ ስትዘጋጅ፣ ሥራ አስኪያጁ ሁለት ወረቀት ይዞ ገባ። አንዱ የርክክብ ሰነድ ነው፤ ሌላው እሷን ወደ እኔ ግምጃ ቤት የሚያዛውር ደብዳቤ።

«ይፈርሙ፤ አለዚያ ይህን ይውሰዱ። ዕቃው ዛሬ ሥራ መጀመር አለበት» አላት።

«እርስዎም ፈራሚ ነዎት። መጀመሪያ ይንቀሉ።»

«መመሪያው በሁለት ሰከንድ ይቀየራል ይላል እኮ!»

«ከገዛ ወንድሞቹ ጋር ሲሆን ነዋ! ከባዕድ ጋር ሲሆንስ? ይንቀሉ።»

እየተነጫነጨ ነቀለ። እታለም ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። ሁለት አለፈ። አሥር አለፈ። መሥመሩ መሥራቱን እያሳየ ኮምፒዩተሩ ላይ በተከታታይ ይወርድ የነበረው መልስ ቀጥ አለ። ሠላሳም አለፈ። ተጠባባቂው የነቃው አርባ ዘጠኝ ላይ ነው።

«አልተግባቡም» አለች። «አዲሱ ግራ ሲገባው ወደ ድሮው ቀርፋፋ ደንብ ተመለሰ። ሁለት ቀን ይስጡኝ፣ አስታርቃቸዋለሁ።»

«ለአርባ ዘጠኝ ሰከንድ ነው ይህ ሁሉ? አንቺ ሴትዮ፣ ፈርሚ ብያለሁ!»

እሷን «እርስዎ» ማለቱ እዚያ ላይ ቀረ። እሷ ግን ፈገግ አለች።

«ጌታው፣ የጽኑ ሕሙማን መተንፈሻ መሣሪያ ነርሶቹን የሚጣራው በዚህ መሥመር ነው። እስቲ ትንፋሽዎን ይያዙልኝ። አርባ ዘጠኝ ከደረሱ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ወንድምዓለም፣ ቁጠር!»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ግን እልኸኛ ነውና ጉንጩን ነፍቶ ትንፋሹን ያዘ። እኔስ ምን ቸገረኝ፣ ቆጠርሁ። ሃያ ላይ ዓይኑ ፈጠጠ። ሃያ ስድስት ላይ «ኡፍ!» ብሎ ጠረጴዛውን ተደገፈ።

«ገና ሃያ ሦስት ይቀራል» አለችው። «ግምጃ ቤት ይላኩኝ፤ የወንድምዓለምን ብሎን ስለቅም እውላለሁ። ይህን ግን አልፈርምም።»

ማራገቢያዎቹ ያጉረመርማሉ። የነቀለውን ገመድ እስካሁን በእጁ እንደያዘ ያየው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የርክክቡን ሰነድ ሳይፈረም እዚያው ተወው፤ የዝውውሩን ደብዳቤ አራት አድርጎ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያም ደኅና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ።