ከነፋሱ ሥር የተቀመጥኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ስመለስ መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ብከፍተው፣ ከኋላዬ ያሉት በአንድ አፍ «ኧረ ዝጋው» አሉኝ። ዘጋሁት። ይህን ያህል ዓመት እዚህ ኖሬም እጄ ወደ መስኮት ይሄዳል። ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ እዚያ እንግዳ የሚከበረው ነፋስ ያለበት ቦታ በማስቀመጥ ነው።

ወጣት መምህር ሆኜ ደብረ ማርቆስ ስመደብ የማስተምረው የሕንፃ ንድፍ በኮምፒውተር ነበር። ሶፍትዌሩ ሕንፃውን ከነግድግዳው ከነኮርኒሱ አቁሞ ያሳያል፤ ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ ዳክት፣ ማለትም ሞቃት ወይም ቀዝቃዛ አየር የሚያመላልስ የላሜራ ቱቦ፣ ይዘረጉበታል። ቱቦው ምሰሶ ከነካ ያስጠነቅቃል። ከክፍል ውጭ የሚያናግረኝ ሶፍትዌሩ ብቻ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም። የሮብ ገበያ ድንች እቀቅልና በሚጥሚጣ ብቻዬን እበላ ነበር።

በዚያ ዓመት አንድ ማኅበር ለሚያሠራው ሕንፃ የምድር ቤቱን አዳራሽ ዳክት እንድነድፍ ጠየቀኝ። ሰው ከወደደው የላይኞቹን ሁለት ፎቆች ሥራም እንደሚሰጡኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ ቃል ገቡልኝ። እኔን ያጓጓኝ በከተማው የምታወቅበት ነገር ማግኘቴ ነበር። እንዳደግሁበት አገር ልማድ የአየር መውጫዎቹን ልክ ከመሃለኞቹ ወንበሮች በላይ ደረደርኳቸው። ማሞቂያው በኋላ ይገዛል ተባለና ማራገቢያው ብቻ ተገጠመ።

አዳራሹ የተከፈተው በነሐሴ፣ የጮቄ ተራራ ብርድ ከተማው ድረስ በወረደበት ጠዋት ነው። ማራገቢያው ሲነሳ አየሩ ልክ እንደነደፍኩት ወረደ። መሃል የተቀመጡት ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። እኔን አይቶ የሚመለስ ቢኖር ብዬ ባዶው ረድፍ መካከል ሄጄ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው ከመድረክ ያዩኛል። ጆሮዬ ደነዘዘ።

ከግድግዳው ሥር የተቀመጡ አንድ አዛውንት ቄስ በእጃቸው ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አጥፍተህ ነው እዚያ ያስቀመጡህ?»

«ወድጄ ነው፣ አባ።»

«ወዶ ነፋስ ላይ የሚቀመጥ ሰው ገና ዛሬ አየሁ። ና፣ እዚህ ቦታ አለ።»

ከተማው ከገባሁ ጀምሮ ና ያለኝ ሰው አልነበረም። ብነሳ ፎቆቹ እንደሚቀሩብኝ አውቃለሁ። ተነሳሁ።

ሰብሳቢው ንግግራቸውን አቋርጠው «መምህር፣ ሠሪውም ሸሸው?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ቄሱ ቀና ብለው መውጫውን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ።

«ያንተ ሥራ ነው እንዴ?»

«አዎ።»

ቄሱ የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝና ንግግሩን ማዳመጥ ቀጠሉ። ስብሰባው ሲበተን ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በሌላ መንገድ ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ፎቆቹ ያለ ዳክት አለቁ። ዛሬ ተማሪዎቼ ቱቦ ከመዘርጋታቸው በፊት ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ በሞዴሉ ላይ እንዲያሳዩኝ አደርጋለሁ፤ ለምን ቢሉኝም ምክንያቱን አንድ በአንድ አስረዳለሁ። የማላስረዳቸው ነገር ግን አለ። ማሞቂያው በጊዜው ተገዝቶ ቢሆን አዳራሹ በሞቀ፣ ፎቆቹም የእኔ በሆኑ ነበር። ና የሚለኝ ግን ባልኖረ።