ከሻንቶ የመጣችው ሳህን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ለሠርጓ ያሰበችውን ጠረጴዛ በስልኳ አሳየችኝ። ሳህኑ ሁሉ ለየቅል ነው፤ አንዱ አበባ አለው፣ የሌላው ጠርዝ ተልጧል፣ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር አይገጥምም። «ቪንቴጅ ይባላል፤ ሐዋሳ የሚያከራዩ አሉ» አለችኝ። «እናትሽም እንዲህ ነው ያገባችው» ብዬ ስልኩን መለስኩላት። የሚቀጥለው ወሬ ለሙሽራ የሚነገር አልነበረም።

እህቴ ሂሩት ያኔ አዲስ አበባ የሠርግ ቤት ከሚያስጌጡ ሰዎች ጋር ትሠራ ነበር። ከተማችን ሶዶ ባጃጅን ገና መልመድ የጀመረችበት ጊዜ ነው። ሠርጓ ለጥር ተቆርጦ ስትመጣ፣ አዲስ ሳህን እንደማትፈልግ፣ የድሮና የማይመሳሰል እንዲሰበሰብላት ተናገረች። እናታችን «ሰው ሳህን እንኳ አጡ ይለናል» ብላ ተከራከረች፤ ሂሩትን ግን ከያዘችው ነገር የሚመልሳት የለም። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ትምህርቴን ጨርሼ የመምህራን ኮሌጅ ጥሪ እየጠበቅሁ ቤት ተቀምጬ ነበር።

ዘዴውን ከልዋጭ ነጋዴዎች ወሰድኩ፤ አዲስ ሰጥቶ አሮጌ መቀበል። አዳዲስ የፕላስቲክ ሳህንና ሳፋ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ በሚኒባስ እወጣለሁ፤ የከተማዋን ዳርቻ፣ ጉኑኖን፣ ሻንቶን አዳረስኩ። በጋ ስለሆነ ቀዩ አቧራ ቅንድብ ላይ ይቀመጣል። ሲርበኝ መንገድ ዳር የተቀቀለ ስኳር ድንች ገዝቼ እየላጥኩ እሄዳለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ቤት ገብቶ ከቁም ሣጥን ጀርባ የተረሳ ሳህን ማውጣት፣ አቧራውን ሲጠርጉት አበባው ብቅ ሲል ማየት፣ አደን ነው። ሴቶቹም አዲሱን ሲያገኙ ይስቁልኛል፤ ማንም የተጎዳ አይመስለኝም ነበር።

ሻንቶ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ደጃፍ ላይ የመውለጃዋ ጊዜ የደረሰ ወጣት ሴት አገኘሁ። አስቴር ትባላለች። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ሰፊ የብረት ሳህን አየሁ፤ ነጭ፣ ጠርዟ ሰማያዊ፣ መሃሏ ላይ ቀይ ጽጌረዳ። የሂሩትን ፊት ወዲያው አሰብኩ። አስቴር ደግሞ ዓይኗ ትልቁ ሳፋ ላይ ነበር።

«ልጄን የማጥብበት የለኝም» አለችኝ በወላይትኛ።

«ሳህኗ ያንቺ ናት?»

«የቤቱ ናት። አማቴ ገበያ ሄዳለች።»

ትንሽ አመነታሁ። እሷም አመነታች። ከዚያ ሳፋውን ብድግ አድርጋ ሆዷ ላይ ለካችው፣ ሁለታችንም ሳቅን፣ ሳህኗንም አወረደችልኝ። ለእህቴ ሠርግ መሆኑን፣ ቀኑንና ሶዶ ያለውን ሰፈራችንን ነግሬያት ወጣሁ።

የሠርጉ ቀን ግቢያችን አማረ። አንድ አጎታችን «ከየጎረቤቱ ለቅማችሁ ነው እንዴ?» ብሎ ቢያፌዝም፣ ሂሩት የፈለገችውን አግኝታለች። ምሳ ላይ አንዲት አሮጊት ከጎልማሳ ልጃቸው ጋር ገቡ። እንግዳ መስለውን ቦታ ሰጠናቸው። አሮጊቷ ግን አልበሉም፤ በጠረጴዛዎቹ መካከል ቀስ እያሉ ዞሩ። በመጨረሻ ጽጌረዳዋ ሳህን ላይ የሚበላ ሰው ፊት ለፊት ተቀመጡና በልቶ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቁ። ሲጨርስ ሳህኗን አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጓት።

እናቴ አይታ ተጠጋቻቸው። «እማማ፣ ሳህኑን አስቀምጡት እንጂ» አለች፣ ሰው እየሰማ።

«እማዬ ተያቸው፣ የራሳቸው ነው» አልኩ። የአስቴር አማት መሆናቸው ሳይነግሩኝ ገብቶኝ ነበር።

እማማ ባሎቴ ይባላሉ። በር ድረስ ተከትያቸው ይቅርታ ጠየቅሁ። ባላቸው መተሐራ ሸንኮራ ሲቆርጡ ከርመው ያመጧት ሳህን ነች። የወላይታ ዘመን መለወጫ ግፋታ በመጣ ቁጥር ከእንሰት የሚሠራውን ሙቹዋ በቅቤ አርሰው በእሷ ያቀርቡላቸው ነበር፤ ከሞቱ ወዲህ ማንም አልበላባትም።

«አንቺን አልቆጣም፣ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ ጠየቅሽ፣ እሷ ሰጠች።»

«አስቴርስ?»

መልስ የሰጠኝ ልጃቸው፣ የአስቴር ባል ነው፤ መሬት መሬት እያየ። «በዴሳ ከተማ፣ አባቷ ቤት ልከናታል።»

ያ ሁሉ ዘፈንና ጭፈራ ከዚያ በኋላ አልተሰማኝም። ሙሽሮቹ እንደሄዱ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ሰው ሲጣላ የሚጠራ ሽማግሌ ስለነበር፣ እማማ ባሎቴንና ልጃቸውን አነጋግሮ አብረን ወደ በዴሳ ወረድን። አሮጊቷ ንዴታቸው በርዶ ተጸጽተው ነበር። አስቴር ወንድ ልጅ ወልዳ አራስ ቤት ተኝታለች። እማማ ባሎቴ ሕፃኑን አቅፈው አለቀሱ፣ «ቤትሽ ግቢ» ብለው ለመኗት። ባሏ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር።

አስቴር ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ መለሰች። «በሳህን ከወጣሁበት ቤት ነገ በብርጭቆ እወጣለሁ። እናንተ ልጁን እዩት፤ እኔ ግን አልመለስም።»

አባቴ የሚያውቀውን ሁሉ ተናገረ። አልተመለሰችም። ስንወጣ ሳፋዬ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ፣ የሕፃኑ ጨርቅ ተዘፍዝፎበት አየሁት።

አስቴር ዛሬ ሶዶ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። ልጇን በዚያ ቅቤ አስተምራዋለች። ድፍረት አግኝቼ አንድ ጊዜ «በእኔ ምክንያት ነው» ብያት ነበር። ቅቤውን በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ሳቀች። «እህቴ፣ በሳህኗ ባይሆን በሌላ ይሆን ነበር። ያንን ቤት እኔ ነኝ የማውቀው» አለችኝ።

ምናልባት እውነቷን ነው። የምትኖረው በራሷ ቤት፣ በራሷ ገንዘብ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ደስተኛ ትመስላለች። እኔ ግን ያን ጊዜ «የቤቱ ናት» ስትለኝ በሚገባ ሰምቻለሁ። እሷ ከመመለስ አለመመለስን መረጠች፤ ከቤት መውጣቱን ግን አልመረጠችውም። ሰው ራሱ በጥረቱ ያቃናውን ሕይወት እያየሁ «ይኸው፣ ጥፋቴ በደግ አለቀ» ማለት ሌላ ልዋጭ ይሆንብኛል።

በየሳምንቱ ከእሷ እገዛለሁ። መዝና ከጨረሰች በኋላ ሁልጊዜ ትንሽ ጨምራ ታደርግልኛለች፣ «ለልጆችሽ ነው» ትለኛለች። እጄን ዘርግቼ እቀበላታለሁ፤ ዓይኗን ግን እስካሁን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።