ለጸሐፊው ያልተጻፈ አንቀጽ

የቀበሌያችን የእግር ኳስ ቡድን መተዳደሪያ ደንብ ዐሥራ አራት አንቀጽ ነበረው። ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያወቅሁት አጠና ተራ አጠገብ በምሠራበት የእንጨት ቤት፣ ሚስማር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ላይ ነው። ጋዜጣው ሁልጊዜ ግማሹ የተቀደደ ስለነበር የብዙ ነገር መጨረሻው አምልጦኛል። ለዚህ ይመስለኛል ደንቡ ምንም እንዳይጎድለው የፈለግሁት። ማልያውን ሳያጥብ የመጣ፣ ለልምምድ የዘገየ፣ ዳኛ የሰደበ፣ ጠጅ ቤት የታየ፣ ሁሉም የየራሱ ቅጣት ነበረው። አንቀጽ ዘጠኝ «ከሜዳ ውጭ የቡድኑን ስም ያጎደፈ ተጫዋች ሁለት ጨዋታ ይታገዳል» ይላል። በተለይ በዚህ አንቀጽ እኮራ ነበር።

አሰልጣኛችን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የማልያዎቻችንን ቁጥር የሰፉት በራሳቸው መኪና ነው። ደንቡን ሳነብላቸው ስፌታቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝና፣

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን አንድ ወጣት ሁለት እሁድ ሥራ ፈቶ ሲውል ምን ይማራል?»

«ጥፋቱን ነዋ፣ ጋሼ።»

«ካርታ ነው የሚማረው» አሉኝ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረበት ጊዜ ነበር። ማንበብ የሚችል ሰው ሲፈለግ ቀበሌው እኔንም መደበኝና ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ በቀበሌው አዳራሽ ሃያ ስድስት ጎልማሶች አስተምር ጀመር። የአዳራሹ የኋላ መስኮቶች ወደ መጫወቻ ሜዳችን ይከፈታሉ። እኛ ፊደል ስንቆጥር የኳሱ ድምፅ ይሰማን ነበር።

ከተማሪዎቼ አንዷ ከአዳራሹ ጀርባ የሚኖሩ፣ በርበሬ አዘጋጅተው የሚሸጡ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ከልምምድ በኋላ ውሃ የምንጠጣው ከእሳቸው ቧንቧ ነበር። ለምን እንደሚማሩ በመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል። በኅብረት ሱቁ ስኳርና ሳሙና ሲወስዱ መፈረም ስለማይችሉ ባለሱቁ አውራ ጣታቸውን ይዞ ቀለም ውስጥ ይነክራል፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ይጫነዋል።

«ቀለሙን እንኳ ታጥቤ አስለቅቀዋለሁ» አሉ። «አያያዙ ነው የሚያናድደኝ። ጣቴን እንደ ጠርሙስ ክዳን ነው የሚይዘው!»

የዘመቻው ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ሰኞ፣ እሳቸውን ወደ ሰሌዳው ጠራሁ። ተራው የ«ጠ» ቤት ነበር። በዚያው ሰዓት የቡድናችን ግራ ክንፍ ልምምድ ጨርሶ ማልያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። የግራ እግሩን ያህል ምላሱም ፈጣን ነበር። እትዬ ቀስ ብለው ማንበብ ሲጀምሩ፣ ልጁ በራዲዮ ጨዋታ በሚያስተላልፍ ሰው ድምፅ ከኋላቸው ተነሣ፦

«ጠን አለፈች! ጡን አታለለች! ጢና ጣን በመሐል ሰንጥቃ ገባች! አሁን ከጤ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝታለች… አድማጮቻችን፣ ተደናቀፈች! ወጣች! ኳሷ ወደ ውጭ ወጣች!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ጠመኔ እንደያዝኩ ሳቅሁ። ረጅም ሳቅ አልነበረም።

እትዬ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እርሳሳቸውን ደብተራቸው መሐል አድርገው ዘጉትና ትምህርቱ እስኪያልቅ ቁጭ ብለው ወጡ። ረቡዕ አልመጡም። በመንገድ ሲያልፉ የሰፈሩ ልጆች «ወደ ውጭ ወጣች!» እያሉ ይከተሏቸው እንደነበር የሰማሁት በዚያው ቀን ነው።

ኮሚቴው ሐሙስ ተሰበሰበ። አምስት ነን፤ እኔ ጸሐፊ። ልጁ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተጠየቀ። ያን ጊዜ ግለ ሂስ የማያውቅ ሰው የለም፤ ሁላችንም ከቀበሌ ስብሰባ ቃላቱን ለቅመናል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣

«ከንዑስ ከበርቴ አመለካከት ባለመላቀቄ የሰፊውን ሕዝብ የትምህርት ትግል ለማሰናከል በመሞከሬ በራሴ ላይ ጥብቅ ሂስ አደርጋለሁ» አለ። አንድ ቦታ እንኳ አልተደናቀፈም። ተከላካይ እንደሚያልፍ ነው ያለፈው። ከኮሚቴው አንዱ አጨበጨበ።

እኔ አንቀጽ ዘጠኝን አነበብኩ። ችግሩ፣ እሁድ ከአስኮ ቡድን ጋር ነበር የምንጫወተው፤ ያሸነፈ ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛው ዋንጫ ያልፋል። ያጨበጨበው ሰው «እሁድን ይጫወትና ቅጣቱ ከዚያ በኋላ ይጀምር» አለ። እኔ ደንብ ደንብ ነው አልኩ። ጥቂት ተጨቃጨቅን። አሰልጣኙ ወደ ልጁ ዞሩ።

«አሁን ይህን ሁሉ የተናገርከው ለማን ነው?»

«ለጓዶች።»

«ጓዶችን ምን አደረግሃቸው?»

አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞሩ። «ቃለ ጉባኤው ላይ የሴትዮዋ ስም አለ?»

ገጾቹን አገላበጥኩ። ሦስት ገጽ ሞልቻለሁ። «የቡድኑ ስም» የሚለው አራት ጊዜ ተጽፏል። የእሳቸው ስም አንድም ቦታ የለም።

ዓርብ ጠዋት አሰልጣኙ ወደ ሥራ ቦታዬ መጡ። ጣውላ እየለካሁ ነበር።

«ሴትዮዋን አነጋገርኳቸው» አሉኝ።

«ምን አሉ?»

«‹ልጁስ ልጅ ነው፤ አፉ አርፎ አያውቅም። እኔ የዞርኩት ወደ መምህሩ ነው፣ ተው ይለዋል ብዬ። መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ይስቃል› አሉኝ።»

የለካሁትን ጣውላ እንደገና ለካሁ። ልኩን ግን አልረሳሁትም ነበር።

«እስቲ ደንብህን አውጣው» አሉ አሰልጣኙ። «ለጸሐፊ ስንተኛው አንቀጽ ነው?»

ደንቡ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሁልጊዜም ከኪሴ አይለይም። አላወጣሁትም።

«ሁለት ጨዋታ፣ ሦስት ጨዋታ የምትሉትን እኔ አላውቅም» አሉ። «እሳቸው ክፍል ሲገቡ ልጁ ሜዳ ይገባል። ካልገቡ አይገባም። አንተም ሜዳው ዳር ከእኔ ጎን አትቀመጥም። ስለ እሁዱ ጨዋታ ግን ለሴትዮዋ ትንፍሽ ብትሉ አልለቃችሁም። ለእኛ ጎል ብለው እንዲመጡ አልፈልግም።»

በምሳ ሰዓት ከልጁ ጋር ወደ እትዬ ቤት ሄድን። በሩ ላይ ቆመን ተገፋፋን።

«አንተ ጀምር፤ መምህር ነህ» አለኝ።

«አንተ ጀምር፤ አፍ አለህ።»

እትዬ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አሥረው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ገና ሰላም ሳንል ሁለታችንም ማስነጠስ ጀመርን። ቀና ሳይሉ «ይማራችሁ» አሉ። ሲያባራልን፣ ልጁ «እትዬ፣ ይቅርታ ልንጠይቅዎ ነው የመጣነው» አለ።

«የተሳቀብኝ እዚህ ቤት ነው?»

«አይ፣ አይደለም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? ዐሥር ሰዓት እመጣለሁ። የምትሉትን እዚያው በሉት። ካልጣመኝ እመለሳለሁ።»

ዐሥር ሰዓት ሲሆን መጡ። አልተቀመጡም፤ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው በሩ አጠገብ ቆሙ። ልጁ ፊት ወጣ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ፣ «ከንዑስ ከበርቴ አመለካከት…» ብሎ ጀመረ።

«ይሄን ለስብሰባህ አስቀምጠው» አሉት። «ለእኔ በሰው አማርኛ ንገረኝ።»

ልጁ ቃል አጣ። እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ማልያውን ይጎትት ጀመር።

«እትዬ፣ ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል» አለ በመጨረሻ። «ጎል ያገባሁ ይመስለኛል። የዚያን ቀን እርስዎን አላየሁም። የሚስቁትን ነበር የማየው።»

ተራው የእኔ ሆነ። ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር፤ ከኪሴ ሳላወጣው ቀረሁ።

«እኔም ስቄያለሁ። ማስቆም ነበረብኝ፣ እትዬ።»

«አይቼሃለሁ» አሉ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «እኔም ስቄያለሁ፤ ልነሣ?»

«አንተ ቁጭ በል። ጥርስ የለህም፤ አልቆጠርኩህም።»

ክፍሉ ሳቀ። እትዬም ሳቁና ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ ግን ወዲያው ተነሡ፣ ጠመኔውን ከእጄ ወስደው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። የ«ጠ»ን ቤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፉት። ደብተራቸውን ዘግተውት አልቀሩም ለካ፤ ቤታቸው ሆነው ሲለማመዱ ነው የሰነበቱት። ወደ ልጁ ዞረው፣

«በል፣ መስኮቱ ላይ ውጣና ራዲዮህን ክፈት። ላነብ ነው» አሉት።

ልጁ ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ አንገቱን ደፋ። እትዬ ማንበብ ጀመሩ። ጠ፣ ጡ፣ ጢ፣ ጣ። እዚያው የድሮው ቦታ ላይ ቆሙ። ከፊደሉ እግር ሥር ያለችውን ቀለበት በጣታቸው ነኩ፣ እንደገና ነኩ። «ጤ» አሉ። የቀሩትን ሳይቆሙ ጨረሱ።

እሁድ ልጁ ተሰለፈ፤ ጎልም አገባ። ግን ሁለት ለአንድ ተሸነፍንና ዋንጫው ለእኛ ሩቅ ሆኖ ቀረ። በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን አወጣሁና ከሦስተኛው ገጽ ግርጌ የእትዬን ስም ከነአባታቸው ጻፍኩ። ከሥሩ «ጸሐፊውም ስቋል» ብዬ ጨመርኩ። ለዚህ የሚሆን ቁጥር ስላልነበረው በአንቀጽ አልመደብኩትም።

ዛሬ ቡድን የሚያቋቁሙ የሰፈር ልጆች ደንቡን አውሰን ይሉኛል። እሰጣቸዋለሁ። አንቀጽ ዘጠኝን ግን ሰርዤዋለሁ። በምትኩ ምን መጻፍ እንዳለበት አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ተጫዋች ሲያጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው የተበደለው ሰው ነው፣ ይቅርታውም የሚጠየቀው ጥፋቱ በተሠራበት ቦታ ነው የሚለውን በሁለት መስመር ሞክሬው ነበር። ደንብ አልመስል አለኝ።

እትዬ ፈተናውን አለፉ። ውጤቱ ከተነገረ በኋላ በነበረው የስኳር ቀን ኅብረት ሱቁ ተሰልፈን ነበር፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላቸው፣ ልጁ ከእኔ ኋላ። ባለሱቁ እንደ ልማዱ ቀና ሳይል አውራ ጣታቸውን ሊይዝ እጁን ሰደደ። እትዬ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እስክሪብቶውን» አሉት።

ባለሱቁ ቀና አለ። እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አውርዶ ሰጣቸው። መስመሩ ላይ ጎንበስ ሲሉ ከኋላዬ ጆሮዬ ሥር ያ የራዲዮ ድምፅ በሹክሹክታ መጣ፦

«አድማጮቻችን፣ እስክሪብቶውን ይዘዋል… ወደ ሳጥኑ እየተጠጉ ነው…»

እግሩን ረገጥኩት። ሳቄ ግን ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ሰምቼሃለሁ» አሉ እትዬ ሳይዞሩ። ስማቸው አራት ፊደል ነው። ሦስቱን ጽፈው ነበር፤ አራተኛውን ጨመሩ፣ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ አለ። እስክሪብቶውን ለባለሱቁ መልሰው ስኳራቸውን አንሥተው ሄዱ።