በእሱ ስልክ የጻፍኩት

ባለቤቴ መቱ ላይ ኢንተርኔት ቤት የከፈተ ጊዜ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ያሳፍረኝ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ። ሲጠይቁኝ «የጽሕፈት ሥራ ነገር ነው» ብዬ አልፋለሁ። እሱ ከገበያው ከፍ ብሎ በተከራያት ቤት ኮምፒዩተሮቹን በሻሽ ሸፍኖ፣ ደንበኛ ሲመጣ እየገለጠ ይውላል። ያኔ መስመር የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የሚመጣውም በስልክ ሽቦ ነው። ሲገናኝ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ያንቋርራል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ጸጥ ካለ ገብቷል ማለት ነው። አንድ ገጽ እስኪከፈት ደንበኛው ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ዝናቡ ሲብስ መብራቱም መስመሩም አብረው ይሄዱና ሁሉም ሰው በር ላይ ቆሞ ሰማይ ያያል።

የሚመጣው ሰው ብዙው ለራሱ መጻፍ የማይችል ነበር። ዲቪ የሚሞላ፣ የፈተና ውጤት የሚያይ፣ አረብ አገር ላለች ልጁ መልእክት የሚልክ። ባለቤቴ ይጽፍላቸዋል። አንድ ቀን ምሳ ላደርስለት ሄጄ ከኡካ የመጡ አንዲት እናት አጠገቡ ተቀምጠው ለልጃቸው ሲያስጽፉ ደረስኩ።

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ስድብ ልጻፈው?» አላቸው።

«ጻፈው። አንድም እንዳታስቀር።»

«ታዝንብዎታለች።»

«አታዝንም። እዚያ የሚሰድባት ሁሉ በማታውቀው ቋንቋ ነው፤ የእናቷ ስድብ ይናፍቃታል።»

ጻፈላቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅኩም።

ለእኛ ለቤተሰቦቹ ግን አይጽፍም ነበር። «ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ስጽፍ ነው የምውለው። የራሴን ሰው በድምፄ ላናግር» ይላል። ኢንተርኔት በየሰው ኪስ ገብቶ፣ ሲም ሻጮች በየመንገዱ ጃንጥላ ዘርግተው ሲቀመጡ፣ ቤቱ እየሳሳ ሄደ። ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። ፎቶ ኮፒ ጨመረበት፣ ለተማሪዎች ቅጽ ይሞላል፣ ያትማል። እሱም እንደ ሰው በስልኩ መጠቀም ጀመረ፤ ልማዱ ግን አልተለወጠም። ልጃችን ሃዋሳ ትማር ነበር። እሷ ትጽፍለታለች፤ እሱ መነጽሩን አድርጎ ያነባል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ ይደውላል። አንዴ ወደ ጎሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ እያለን «አንብቤዋለሁ፣ አንብቤዋለሁ፤ ምሳ ምን በላሽ?» እያለ ሲጮህ ተሳፋሪው በሙሉ ስለ ልጄ ምሳ ሰማ። ተሸማቅቄ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ረዳቱ «ጋሼ፣ ጥያቄውን ከሚጮኹልን መልሱን ይንገሩን» ሲለው መኪናው ሁሉ ሳቀ። እሱም ነገራቸው፤ ሽሮ ነበር።

አንድ ጠዋት ኢንተርኔት ቤቱን ከፍቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወደቀ። ሆስፒታል ደርሶ ብዙ አልቆየም።

ልጄ የመጨረሻ ዓመት ፈተና ላይ ነበረች። ከቀብር ስንመለስ ከኡካ የመጣው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ መከረ። ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትረዳ ተባለ። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ የቅርብ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፏት ሴቶች ከጎኗ ተቀምጠው፣ ውኃ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን እንዳይሰማ ነው።

«ድሮ መቱ የሞተ ሰው ሳይቀበር በደሌ ይሰማ ነበር» አለ አንዱ ሽማግሌ። «ዛሬ ደግሞ ስልክ አለ።»

የባለቤቴ ወንድም ድንኳኑን ወደሚጠብቁት ወጣቶች ዞረ። «ፎቶውን ከሻማ ጋር ኢንተርኔት ላይ የሚለጥፍ ካለ፣ እኔ ራሱን ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ተስማማን?»

ወጣቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ማንም አልለጠፈም። ሚስጥሩ በእነሱ በኩል አልወጣም።

የእኔን ስልክ ዘጋሁ፤ ድምፄ ያስታውቃል ተብሎ ነው። የእሱ ክፍት ነበር፤ ሁለቱም ዝግ ከሆነ ትጠረጥራለች አሉ። በማግስቱ ለቀስተኛ ሞልቶ ተቀምጠን፣ ፍራሹ ላይ የነበረው የእሱ ስልክ ጠራ። ልጄ ናት። እስኪያቆም ድረስ ሁላችንም አየነው። ደግሞ ጠራ። ከዚያ መልእክት መጣ፦ «አባዬ ለምን አታነሳም? የእማዬም ዝግ ነው።»

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የሚያረጋጋት ነገር ጻፊላት» አለኝ የባለቤቴ ወንድም።

«በእሱ ስም ልጻፍ፣ ጋሼ?»

«ታዲያ በማን ስም? ለጥቂት ቀን ነው። ጃባዱ» አለኝ። በርቺ ማለቱ ነው።

ጻፍኩ። «ልጄ፣ ኔትወርክ አስቸግሮን ነው፤ ድምፅ አያስተላልፍም። እናትሽም ደህና ናት። ሐሳብሽን ሰብስበሽ ተፈተኚ። አባትሽ።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ቃል አስተካከልኩ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ኀዘን መሐል በጽሑፌ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። የእሱን ቃና ያገኘሁት መሰለኝ።

«እሺ አባዬ» የሚል መልስ መጣ። ሌላ ምንም አልጻፈችም። ከዚያ በኋላም አልደወለችም።

«አመነች» አልኳቸው። ሴቶቹም «ተመስገን» አሉ።

ፈተናዋ ሲያልቅ፣ እናትሽን ትንሽ አሟታል ተብላ ተጠራች። አጎቷ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ በደሌ ላይ ተቀብሎ አክስቷ ቤት አሳደራት። እኔን ቀድመው ወስደው፣ እንዳታየኝ ጓዳ አስገብተውኝ ነበር። ሊነጋ ሲል ሰዎቹ ገብተው ተቀመጡ። አጎቷ «ልጄ» ብሎ ሲጀምር፣ ሳይጨርስ «አባዬ» ብላ ወደቀች። ሴቶቹ ያዟት። እኔም ወጥቼ አብሬ ወደቅኩ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አንደኛው ለአጎቷ «በሥርዓቱ ተረዳች፤ ጥሩ ተወጣኸው» ሲለው ሰማሁ። እኔም እንደዚያው አሰብኩ።

ከአርባው በኋላ ኢንተርኔት ቤቱን ልናስረክብ ከልጄ ጋር ማጽዳት ጀመርን። እሷ ኮምፒዩተሮቹን ካርቶን ውስጥ ታስገባለች፣ እኔ ኪቦርዶቹን እወለውላለሁ። ፊደላቸው በእሱ ጣት ተመትቶ ተመትቶ ጠፍቶ ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ጽፎልሽ ያውቃል?» አለች፤ ካርቶኑን እያሰረች።

«ለእኔ? ምን ብሎ ይጽፍልኛል?»

«ለእኔም ጽፎልኝ አያውቅም።»

ጨርቁ እጄ ላይ ቀረ።

«መልእክቱ ሲመጣ እያጠናሁ ነበር» አለች። «ካነበብኩ በኋላ እስኪደውል ጠበቅኩ። ኔትወርክ ሲጠፋ እንኳ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ይደውል የነበረ ሰው ነው። አንብቦ ካልደወለ፣ የለም ማለት ነው።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ማን ነገረሽ ሲሉኝ ምን ልበል? እናቴ በአባቴ ስም ጽፋልኝ ልበል?»

«ፈተናውንስ?»

«ተፈተንኩ። ተፈተኚ ብለሽ የለ?» በምሬት አልነበረም የተናገረችው። በምሬት ብትናገር ይቀለኝ ነበር። «ሻወር ቤት ውኃ እየከፈትኩ አለቅስ ነበር። ክፍል የምንጋራቸው ልጆች ፈተናውን ፈርታ ነው ይሉ ነበር።»

«በደሌ ላይ ታዲያ…»

«በደሌ ላይማ ከልቤ ነው ያለቀስኩት፤ ይዤው ከርሜ። አጎቴ ደግሞ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ፣ አውቄዋለሁ ብዬ ላሳፍረው?»

«ደውለሽ ብትጠይቂኝስ?» አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ነው ያፈርኩበት።

«ስልክሽ ዝግ ነበር፣ እማዬ።»

ሻሹን አጣጥፌ ካርቶኑ ላይ አደረግኩ፤ መልሼ አነሳሁት፤ እንደገና አጣጠፍኩት። እሷን ሳላልፍ የምወጣበት በር ስላልነበረ ነው። ልጄ ብቻዋን እንዳትሰማው ያን ሁሉ ሰው አስቸግረን፣ ወጣቶቹን አስጠንቅቀን፣ በመጨረሻ ብቻዋን ያሰማኋት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው የኖርኩትን ልማዱን ረስቼ። አጎቷ ይህን እስከ ዛሬ አያውቅም። በደሌ ላይ እንዴት በሥርዓቱ እንዳረዳት በየልቅሶው ሲያወራ፣ እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እስባለሁ። ሰው ኀዘኔ ተቀስቅሶ ይመስለዋል።

ልጄ አሁን አዳማ ትሠራለች። ስልኬም እንደማንኛውም ሰው ስልክ ሆኗል፤ ፎቶ ይመጣበታል፣ ስብከት ይመጣበታል፣ የዕድር ስብሰባም የሚጠራው በእሱ ነው። አንድ ከሰዓት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ ዘግይቶ የነበረው ዝናብ ከሶር ወንዝ በኩል ሲመጣ አየሁ። ደስ አለኝና ሳላስብ «ልጄ፣ ዝናብ ጀመረ» ብዬ ጻፍኩላት።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ደረጃ ስትወርድ ይሰማኛል።

«እማዬ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም። ማንም አልሞተም፣ ልጄ። ዝናብ ጀመረ ልልሽ ነው።»

 ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲመታ እንድትሰማው ስልኩን ወደ ውጭ ዘረጋሁላት።

«ታዲያ» አለች ወደ ጆሮዬ ስመልሰው፣ «ደውለሽ አትነግሪኝም?»

ከዚያ ወዲህ እደውላለሁ።