አያሌው ያልተሳሳተው ጥያቄ

«እትዬ አልማዝ አያሌውን ‹በዚህ ዕድሜህ ምን ሕግ ትማራለህ› ብለው አባረሩት» እየተባለ እንደሚወራ ሰምቻለሁ። አላባረርሁትም። ያደረግሁት ከዚያ የባሰ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራው ሲወጣ ደጁ ላይ ወድቆ ቀረ አሉኝ። ሁለት ጊዜ አስደገምኋቸው። ትናንት ከሰዓት እኮ እዚሁ ወንበር ላይ ነበር፤ ደብተሩን ለእርማት ትቶልኝ ነው የሄደው።

ለማታውቁት፣ አያሌው እዚህ ላሊበላ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ ለባላገሩ አቤቱታ ይጽፍ ነበር። ባለጉዳይ ነገር ሲያበዛበት፣ «ያዩትን ይንገሩኝ፤ የመሰለዎትን ይተዉት» ይላል።

አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላው ጠበቃ ልሁን ብሎ ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና መዘጋጀት ጀመረ። የማመዛዘን ጥያቄዎቹን የማርመው እኔ ነበርሁ፤ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። መልስ ከኋላ ማየት ስንፍና ነው ብዬ የመጽሐፉን መጨረሻ ገጾች በስቴፕለር መትቼ ዘጋሁበት።

አንዱ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ ወደ ገዳሙ የሚሄዱ ሁሉ በዚህ መንገድ ያልፋሉ። ከበደ በዚህ መንገድ አልፏል። ስለዚህ ከበደ ወደ ገዳሙ ሄዷል ማለት ይቻላል?

«አይቻልም» ብሎ ጻፈ።

«በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ያለፈ ሰው ሌላ የት ሊደርስ ነው? ገደል ሊገባ?» አልሁት።

«በቅሎ ጠፍታበት እየፈለገ ቢሆንስ?»

«የምን በቅሎ አመጣህብኝ?»

«እትዬ፣ ጥያቄው ይምርሐነ ክርስቶስ መቼ አለ? የመሰለዎትን ይተዉት!» ብሎ ሳቀ።

በቀይ ኤክስ አደረግሁበት። ያኔ ሳቁን ተወ።

ያን ጥያቄ ደጋግሞ ሠራው። በመጨረሻ «ይህ ካልገባኝ ምኑን ጠበቃ እሆናለሁ» ብሎ የዘንድሮውን ምዝገባ አሳለፈ። እኔም «ለከርሞ ይሻልሃል» አልሁ።

ዛሬ መርዶውን ሰምቼ ስቀመጥ እጄ ሥራ አጣ። የተዘጉትን ገጾች ከፈትኋቸው። መልሱ «አይቻልም» ይላል።

ደክሞኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳርም ኖሬ ስንቱን እንዲህ አድርጌው ይሆን?

አያሌው ወንድሜ፣ አፈሩ ይቅለልህ። ነገ በመጀመሪያ ቀዩን ስክሪፕቶ አነሣለሁ። ኤክሱን ሰርዤ ራይት አደርግልሃለሁ፤ ከጎኑም እፈርማለሁ። ከዚያ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደብተርህን ይዤ ቤትህ እመጣለሁ። ለባለቤትህ ለወርቄ ከመስጠቴ በፊት ለቀስተኛው ፊት ቆሜ ያየሁትን እናገራለሁ፦ አያሌው ትክክል ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።